ድክመቴን በራሴ እጅ ብጽፍ ማርክ አይቀነስብኝም?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። እንግሊዝ አገር የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት በ3.7 ነው። እዚህ አሳይመንት ስናስገባ አንድ ገጽ የራስ ግምገማ ቅጽ አብረን እንሞላለን። ጠንካራ ጎንሽ የቱ ነው፣ ደካማውስ፣ በምን ላይ አስተያየት ትፈልጊያለሽ፣ ለራስሽ ስንት ትሰጫለሽ ይላል። በመጀመሪያው ላይ «የምችለውን ያህል ጥሬያለሁ፤ ጉድለት ካለ ይነገረኝ» ብዬ ጻፍኩና ለራሴ 75 ሰጠሁ። የመጣልኝ 58 ነው። አስተያየቱ ደግሞ «ገለጻ ይበዛዋል፣ ሒሳዊ ትንተና ያንሰዋል» ይላል። ሁለተኛው አሳይመንት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይገባል። ድክመቴን በግልጽ ብጽፍ በራሴ ላይ መመስከር አይሆንብኝም? ሐሙስ ከአስተማሪዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ማርኩ እንደገና እንዲታይልኝ ልጠይቀው?

መልስ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አይቀነስብሽም። በአብዛኛው ቦታ ቅጹ ማርክ የለውም። ማርክ የሚሰጠው ለጽሑፍሽ ነው፤ የሚሰጠውም በኮርሱ መመሪያ ላይ በወጣው የማረሚያ መስፈርት ነው። «ሁለተኛው ክፍል ላይ ማስረጃዬ ሳስቷል» ብትይም ባትይም፣ ሳስቶ ከሆነ አራሚው ያየዋል። ዓመት በዓመት ስንት ወረቀት ያነበበ ሰው አንቺ ስላልነገርሽው አያልፈውም።

አንዳንድ ኮርሶች ላይ ግን ለቅጹ ራሱ ትንሽ ማርክ ይያዝለታል። ይህን ከአሳይመንቱ መመሪያ አረጋግጪ። እዚያም ቢሆን የሚታየው ሥራሽን ምን ያህል አጥርተሽ እንዳየሽው ነው። ለራስሽ ስንት እንደሰጠሽ አይደለም። ስለዚህ መደበቁ በየትም በኩል አያዋጣም።

ማርኩ እንዲታይልሽ መጠየቁን ደግሞ ተይው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ 58 እናውራ። እሱ ሳይበርድልሽ ሌላው አይገባሽም። አገር ቤት ለማስተርስ ከ3.00 በታች ይዞ መመረቅ የለም፤ 58 ያየ ተማሪ ያን ቀን እራቱ አይበላለትም። እንግሊዝ አገር ግን መለኪያው ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ማለፊያ 50 ነው። 60 ሲደርስ ሜሪት ይባላል። 70 ሲደርስ ዲስቲንክሽን ነው፤ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። 80 ያገኘ ሰው ብርቅ ነው። እና 58 ማለት አልፈሻል፣ ለሜሪት ሁለት ነጥብ ቀርቶሻል ማለት ነው። በመጀመሪያ አሳይመንት መጥፎ አይደለም።

አሁን ለራስሽ የሰጠሽውን 75 በዚህ መለኪያ እይው። አንቺ «ደህና ነው፣ ከመካከለኛ ከፍ ይላል» ማለትሽ ነበር። አራሚው ያነበበው ግን «ሥራዬ ከክፍሉ ምርጦች አንዱ ነው» የሚል ነው። በመካከላችሁ ያለው የ17 ነጥብ ልዩነት ሁሉ የሥራሽ ጉድለት አይደለም። ግማሹ የሜትሩ ልዩነት ነው። አንቺ የለካሽው በአገር ቤት ሜትር ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። «በራሴ ላይ መመስከር» ያልሽው ገብቶኛል። ቃሉ ከቅጹ አልመጣም፤ ከእኛው ቤት ነው የመጣው። ቅጹን «የራስ ግምገማ» ብለሽ ተርጉመሽዋል። እኔም የተሻለ ቃል የለኝም። ግን ግምገማ የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ንጹሕ ቃል አይደለም። በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» ነበር። ሰው ስብሰባ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ይዘረዝራል። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ግምገማ መጣ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ድክመትህን ካላወራህ «ራሱን አልፈተሸም» ትባላለህ። ካወራህ ያወራኸው ተይዞብህ ይቆያል። ወላጆቻችን ከዚያ ያተረፉት አንድ ብልሃት ነው፦ ትንሿን ጥፋት አምጥቶ መናዘዝ፣ ትልቋን መደበቅ። «አንዳንዴ ሰዓት አላከብርም» ዓይነት።

ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ የቆየ ነገር አለ። ራስን ማመስገን ነውር ነው። ስለዚህ ጠንካራ ጎንህን ጻፍ ሲባል እጃችን ይታሰራል። ድክመትህን ጻፍ ሲባልም ይታሰራል። የሚተርፈን «የምችለውን ያህል ጥሬያለሁ» ብቻ ነው። ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አይዋሽም፣ አያስቀይምም። ችግሩ ምንም አለመናገሩ ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶች።

አልፈርድብሽም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለማስተርስ ስመጣ ተመሳሳይ ቅጽ ሰጡኝ። ድክመት በሚለው ሥር «ጊዜ አጥሮኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ከሥሩ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጻፈበት፦ «ጊዜ ቢኖርህ የትኛውን አንቀጽ ትለውጥ ነበር?» ወረቀቱን ይዤ ለብዙ ደቂቃ አየሁት። መልስ አልነበረኝም። አንድ ወር ሙሉ የሠራሁትን ጽሑፍ የት ጋ እንደሚያነክስ አላውቅም ነበር። ጊዜ ቢሰጡኝም የምለውጠው አልነበረኝም ማለት ነው።

ቅጹ የተሠራው ለዚህች ጥያቄ ነው።

ሮይስ ሳድለር የሚባል አውስትራሊያዊ ምሁር በ1989 አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አንሥቶ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ስለ አገር ቤት ስናወራ ካልሆነ በቀር።) አስተማሪ ትክክለኛ አስተያየት እየሰጠም ተማሪው የማይሻሻለው ለምንድን ነው? የእሱ መልስ ባጭሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። የራሱን ሥራ ከዚያ ጋር ማስተያየት መቻል አለበት። ከዚያ ልዩነቱን የሚያጠብ እርምጃ መውሰድ አለበት። አስተማሪ ብቻውን ፈራጅ ሆኖ ከቀረ፣ ተማሪው ዕድሜ ልኩን «ስንት አገኘሁ?» እያለ ይኖራል። የትምህርቱ ግብ አስተማሪው ያለውን ዓይን ተማሪው ላይ መትከል ነው።

ይህን የሰማሁት ሰሞን «ይሄማ ቅኔ ቤት አይደለም እንዴ?» ነው ያልኩት። ቅኔ ቤት መምህሩ መንገዱን ያሳያሉ፣ የራሳቸውን ቅኔ ምሥጢር ይፈታሉ። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ከዚያ ለብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጥና ይቆጥራል። ቆጠራ ይሉታል። እዚያ ማንም የለም። ሰዋስዉ ገጠመ? ቤቱ መታ? ምሥጢሩ ወጣ? ራሱን ይጠይቃል፣ ያፈርሳል፣ ይሠራል። ሲበቃው ሄዶ ለመምህሩ ይናገራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ነገ ሌላ ቅኔ ነው። ማርክ የለም። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እስከ መወድስ ይሄዳል። ያ ተማሪ መምህሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ዛፉ ሥር ራሱን ሃያ ጊዜ አርሟል። ቅጹ የሚጠይቅሽ የዛፉን ሥር ሥራ ነው።

እኔና አንቺ ግን ያደግነው በሌላው ትምህርት ቤት ነው። ሀንድአውት፣ ችከላ፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ግሬድ ተለጠፈ። ሰቃይ ተማሪ ማለት የተባለውን አሳምሮ የሚመልስ ነው። 3.7 ያመጣሽው በዚያ ነው፤ ቀላል አይደለም። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት «ይህ ሥራሽ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ አንቺን የጠየቀ ሰው ነበር? እኔን አልጠየቀኝም። እኔም ሳስተምር ተማሪዎቼን አልጠየቅኩም፤ ዕዳዬ ነው።

ሰው ራሱን በትክክል መገመት ይችላል ወይ? ያለ ልምምድ በጣም አይችልም። በ1999 ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ ያወጡት ጥናት የታወቀ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሎጂክ፣ በሰዋስውና በመሳሰሉት ፈተኗቸው። ከዚያ ከሌላው አንጻር የት እንደሆናችሁ ገምቱ አሏቸው። ከታች ያለው ሩብ ክፍል በአማካይ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ 62ቱን እበልጣለሁ አለ። ከላይ ያሉት ደግሞ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገመቱ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ዴቪድ ቡድና ናንሲ ፋልቺኮቭ በዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ የራስ ግምገማ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩም ወደዚሁ ያደላ ነገር ነው ያገኙት። ጎበዞቹ ይሳሳሉ፤ ደከም ያሉት ይለግሳሉ።

ሰው ሁሉ የክሩገርና ደኒንግን ጥናት የሚያነሣው ሌላውን ለመሳደብ ነው። ዋናው ነገር ይዘለላል። ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎቹ አጭር የሎጂክ ሥልጠና ሰጧቸው። ከሥልጠናው በኋላ ከታች ያሉት ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ወደ እውነቱ ቀረበ። ማለትም ራስን መገመት አብሮ የሚወለድ ጠባይ አይደለም። መለኪያውን ስታውቂ ይስተካከላል። ለዚህ ነው 75ቱ ብዙ ያላስጨነቀኝ።

እንግዲህ ቅጹ እንዴት ይሞላ? መጀመሪያ አንድ መጥፎ ልማድ እናንሣ። አብዛኛው ተማሪ ቅጹን የሚሞላው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው ነገሩ። አንቺ ቅጹን ዛሬውኑ ክፈቺው። ባዶ ሆኖ ከጽሑፉ ጎን ይቀመጥ። አንድ ክፍል በጨረስሽ ቁጥር አንድ መስመር ጣል አድርጊበት። ለምሳሌ «እዚህ ጋ አንድ ምንጭ ብቻ ነው ያለኝ።» መጨረሻ ላይ የምትጽፊው ከዚያ ይለቀማል።

ሲያልቅ ይህን የመሰለ ነገር ይወጣዋል፦

«የተሻለው ሦስተኛው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት የማይስማሙ ጥናቶችን አፋጥጬ ለምን እንደተለያዩ ለማስረዳት ሞክሬአለሁ። ያላረካኝ አራተኛው ነው። የወጪውን መረጃ ያገኘሁት ከአንድ ሪፖርት ነው፤ ድምዳሜዬ ማስረጃውን ቀድሞ ሄዷል ብዬ እሰጋለሁ። ባለፈው ገለጻ በዝቷል ተብያለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በገጽ 6 ያሉት ሁለት አንቀጾች ወደ ትንተና ገብተዋል? ካልገቡ የቱ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሙ? ግምቴ ከ60 እስከ 64 ነው።»

እዚህ ውስጥ ልመና የለም፣ ይቅርታም የለም። ድክመቱ ቦታ አለው፤ ገጹ ይታወቃል። ካለፈው አስተያየት ጋር ይገናኛል። ግምቱም በአንድ ቁጥር አልተቸነከረም። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ነው። አስተማሪሽ ለአንድ ወረቀት ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ካልጠየቅሽው ያንን ጊዜ እሱ በመረጠው ላይ ያውለዋል፤ ኮማና የማጣቀሻ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። ከጠየቅሽው ግን የራስሽ ቁስል ላይ ያውለዋል። «ጉድለት ካለ ይነገረኝ» ብለሽው ነበር። ነገረሽ፤ በአንድ መስመር። የጠየቅሽውን ያህል ነው የመለሰልሽ።

በነገራችን ላይ ይህን ገጽ ለኤአይ ሰጥተሽ አታጽፊ። ጽሑፍሽ የት ጋ እንደሚያነክስ ለማወቅ የሚታገለው ራስ ያንቺው ካልሆነ፣ ቅጹ ባይሞላ ይሻላል።

«ሒሳዊ ትንተና ያንሰዋል» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አበሻ ተማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ሒስ ሲባል ስድብ ይመስለናል። አንድ ተማሪ ይህ አስተያየት ደርሶት በሚቀጥለው ጽሑፉ ያገኘውን ደራሲ ሁሉ ሲወርፍ አይቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነ፤ የነበረውም ማርክ ወረደ።

ከሙያሽ አንድ ነገር እንውሰድ። ስለ አገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጻፍሽ እንበል። «ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሲጀመር ሥልጠናቸው አንድ ዓመት ነበር።» ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ገለጻ ነው። አራሚው ሲያነብ በልቡ «እሺ፣ እና?» ይላል።

አሁን ያንኑ መረጃ ያዥና «እና?» የሚለውን ራስሽ ጠይቂ። ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ቀበሌ የሚለው ስሌት የተሠራው ሰው በአንድ ቦታ ሰፍሮ ይኖራል ብሎ ነው። አፋርና ሶማሌ ክልል አርብቶ አደሩ ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ኬላው ቆሞ ሰው ሲሄድ ምን ይሆናል? ሴቶችን መምረጡ እናቶች በራቸውን እንዲከፍቱ ረድቷል የሚል ክርክር አለ። እሺ፤ ግን ያቺው ሠራተኛ አግብታ ከቀበሌው ስትወጣስ? አንዱ ጥናት ፕሮግራሙ ሠርቷል ሲል ምኑን ለክቶ ነው? የክትባት ሽፋንን ከሆነ፣ ክትባት ከሌላም ምክንያት ሊጨምር አይችልም? አየሽ፣ ማንንም አልሰደብንም። ማስረጃው ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል ነው የፈተሽነው። ሒሳዊ የሚሉት ይህንን ነው።

ለመለማመድ አንድ ነገር አድርጊ። 58 ያገኘውን ጽሑፍ አትሚው። ሁለት ቀለም እስክርቢቶ ያዢ። ሌላ ሰው ያለውን በአንዱ፣ አንቺ ያልሽውን በሌላው አስምሪበት። ሁለተኛው ቀለም ከአንቀጹ መጨረሻ አንዲት መስመር ላይ ብቻ ከታየ፣ አስተማሪሽ ያለሽ ያንን ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአስተያየቱ የበለጠ ይነግርሻል።

አስተያየት አነባበብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንቺ መጀመሪያ ያየሽው ማርኩን ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ በ1988 እስራኤል ውስጥ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ባወጣችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተሻሻሉ። ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ማርክ ብቻ እንደተሰጣቸው ሆኑ። ማርኩ አስተያየቱን ዋጠው። ልጆች ናቸው፣ ልክ ነው። ግን 58ን ያየሽ ቀን አስተያየቱን ስንት ጊዜ አነበብሽው? ኮምፒዩተሩ ማርኩን አስቀድሞ ካሳየሽ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሁለት ቀን ተይውና እንደ አዲስ ተመለሺበት።

በ1996 ደግሞ አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ደኒሲ ብዙ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ፣ አስተያየት መስጠት በአማካይ ሥራን ያሻሽላል። ነገር ግን ከሦስት አንድ በሚበልጡት ላይ ሥራው ወርዶ ተገኘ። ሁለቱ የሰጡት ማብራሪያ የሚስማማኝ ነው። አስተያየቱ ሰውዬውን ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ሲወስደው፣ «እኔ ማን ነኝ፣ አልረባም ማለት ነው?» ሲያሰኘው፣ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል። «ገለጻ ይበዛዋል» የሚለው ስለ ወረቀቱ ነው። አንቺ ግን 3.7ሽን አምጥተሽ ከጎኑ አቆምሽው።

ሌላው የእንግሊዞች አነጋገር ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ይመስለናል። አስተማሪሽ «ይህን ብታስቢበት ጥሩ ሊሆን ይችላል» ካለ ወርቁ «አስተካክዪው» ነው። «እዚህ ጋ ትንሽ ግልጽ አልሆነልኝም» ካለ ምንም አልገባውም። «ኢንተረስቲንግ» የሚለው ቃል ብቻውን ከቆመ ሙገሳ ነው ብለሽ አትደሰቺ። መጀመሪያ ላይ ያለው ምስጋና መግቢያ ነው፤ «ይሁን እንጂ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አንብቢ። ለአገሬው ተማሪም ቀላል አይደለም። ከ2005 ጀምሮ የብሪታንያ የመጨረሻ ዓመት የዲግሪ ተማሪዎች በየዓመቱ ስለ ዩኒቨርሲቲያቸው ይጠየቃሉ። ግምገማና አስተያየት የሚለው ክፍል ዝቅተኛ እርካታ ከሚታይባቸው አንዱ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ወደ ሐሙስ። አገር ቤት ግሬድ ሲለጠፍ ኮምፕሌይን ማለት ልማድ ነው። ወረቀቱ ይወጣል፣ ይደመራል፣ አንዳንዴ ይጨመራል። እዚህ ያ በር ዝግ ነው። አራሚው በሙያው የሰጠውን ፍርድ «አልተስማማሁም» ብሎ ይግባኝ ማለት አይቻልም። ይግባኝ የሚሰማው የአሠራር ስህተት ሲኖር፣ ማርክ ሲደመር ከተሳሳተ፣ ወይም ሕመምን የመሰለ ችግር ደርሶብሽ ካልታየልሽ ነው። ደግሞም ወረቀቶች ተመርጠው በሌላ መምህር ይታያሉ፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ውጫዊ ፈታኝም ናሙና ያያል። ስለዚህ ሰውዬውን ብቻውን ብትለምኚው ሊያደርግልሽ የሚችለው ነገር የለም። የሚሆነው ሃያ ደቂቃሽ ስለ ሁለት ነጥብ እየተጨቃጨቃችሁ ማለቁ ነው።

ጥርስ ይነክስብኛል ብለሽም አትስጊ። ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ለአስተማሪ በዓል ነው፤ አብዛኛው ሰው አይመጣም። ምናልባት «በስሜ ጥሪኝ» ይልሽ ይሆናል። አፍሽ እምቢ ካለሽ «ዶክተር» በይው፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስትሄጂ ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛው በሁለት ቀለም ያሰመርሽበት ወረቀት ነው። ሁለተኛው ከውስጡ አንድ አንቀጽ መርጠሽ እንደገና የጻፍሽው ነው፤ አንድ ብቻ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጪና «ይህ አሁን ትንተና ሆኗል? ከ58 ወደ 65 የሚወስደው ምን ይቀረዋል?» በይው። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ አስተማሪ እርሳሱን ያነሣል። ከቻልሽ ደግሞ ያለፉ ተማሪዎች ጽሑፍ ናሙና ካለ ጠይቂው፤ ብዙ ክፍሎች ስም አጥፍተው ያስቀምጣሉ። አንዱን 60ዎቹ ውስጥ፣ አንዱን ከ70 በላይ ያገኘ። ማርኩን ሳታዪ አንብቢና በመስፈርቱ ራስሽ አርሚው። ከክፍል ጓደኛሽ ጋር ብታደርጊው ደግሞ ይጥማል፤ የት ላይ እንደማትስማሙ ታያላችሁ። ያ የሜትሩን ነገር የሚያስተካክልልሽ ነው።

ሁለተኛው ማርክ ሲመጣ ግምትሽንና ያገኘሽውን አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። የመጀመሪያው መስመር 75 እና 58 ነው። ሁለተኛውን ጨምሪበትና ላኪልኝ። ልዩነቱ ቢሰፋም ላኪልኝ፤ ቅጹን አያይዘሽ ከሆነ የት ጋ እንደሳትሽ አብረን እናየዋለን።